ዕውቀት በአንጎልና በመኪና ውስጥ እንዴት ይቀመጣል

ዕውቀት በሰው አንጎል ውስጥ የሚቀመጠው፥ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት እንደሚቀመጥ፥ እያንዳንዱ በየስፍራው ተለይቶ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዳዊትን በቃሉ ያጠና ተማሪ ግን መዝሙሩ ከአንጎልህ በየትኛው ስፍራ ተጽፏል ቢሉት፥ ገልጦ የሚያሳየው ገጽ የለውም። በአንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ ትምህርትም የሚጸናው ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው የሚያያዙበት መገናኛ በመጥበቁና በመላላቱ መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ።

ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ፥ በድመት አንጎል ውስጥ የማየት ሥራ ወደሚሠራበት ስፍራ ቀጭን ሽቦ አግብተው የአንዱን ሕዋስ ሥራ ያዳምጡ ነበር። ጥቍር ነጥብ ያለበትን መስተዋት ቢያሳዩ ሕዋሱ ዝም አለ፤ መስተዋቱን ሲያስገቡ ግን የጠርዙ ጥላ እንደ ቀጭን መሥመር ሆኖ በድመቲቱ ፊት ቢያልፍ፥ ያው ሕዋስ በድንገት መጮኽ ጀመረ። ሕዋሱ የሚፈልገው ነጥቡን ሳይሆን አንድ አቅጣጫ የያዘ መሥመር ኖሯል! ይህንንም ምርምር በ1959 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር አሳተሙ፤ በ1981ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በ2012 ደግሞ በካናዳ፥ በቶሮንቶ ዩኒቨርስቲ፥ ጄፍሪ ሂንተን ከሁለት ተማሪዎቹ ጋራ 1.2 ሚሊዮን ያህል ሥዕል ለኮምፒዩተር አስተማሩ። መሥመር ፈልግ ብሎ ያዘዘው ማንም ሳይኖር፥ የመጀመሪያው ደርብ ቢመረመር ከፊሉ በድመቲቱ አንጎል እንደ ተገኘው ያለ የመሥመር መለያ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ መመሳሰል ተነሥቶ መኪናው እንደ ሰው ያያል ማለት ግን ችኰላ ነው። በ2013 በወጣ ምርምር፥ የተማሪ ቤት አውቶቡስ ሥዕል ዓይን ሊለየው በማይችል መጠን ቢለወጥ፥ መኪናው ሰጎን ነው ብሎ ፈረደ። ሕፃን እንኳ እንዲህ አይስትም።

ዛሬ ኮምፒዩተር ለጥያቄ መልስ ሲጽፍ፥ ከመዝገብ ገልብጦ ያመጣው የሚመስለው ሹም አይጠፋም። የተማረው ሁሉ ግን በብዙ ቍጥሮች መካከል ተበትኖ ይኖራል፤ መልሱንም የሚያዘጋጀው ቃልን ከቃል በማስከተል ስለ ሆነ፥ ያልታወጀውን ዐዋጅ እንደ ታወጀ አድርጎ፥ ቀንና ቍጥር ጨምሮ ሊጽፍ ይችላል። የባለጉዳይ መሬት ወይም ጡረታ እንዲህ ባለ መልስ ብቻ ቢወሰን፥ ይግባኝ ባለ ጊዜ ተገልጦ የሚነበብለት ገጽ አይገኝም። ስለዚህ ሹሙ በፊርማው ከማጽናቱ አስቀድሞ፥ የተጠቀሰውን ዐዋጅ ከነጋሪት ጋዜጣ አስወጥቶ በዓይኑ ይመልከት፤ ጸሓፊውም ቀኑንና ቍጥሩን ከዋናው ጋራ ያመሳክር።