የትምባሆ ቅጠል በቤት ውስጥ አይዘፍዘፍ

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ስለ ትምባሆ ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ ማጨስ ይመስለዋል። የዛሬው ጉዳያችን ግን ቅጠሉን በቤት ውስጥ ዘፍዝፎ ስለ ማሳደር ነው።

ትምባሆ ለኛ እንግዳ አይደለም። ከኛ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ላይ ለፋብሪካ ሲለማ ኖሯል። ከብት አልቅት ሲይዘው ቅጠሉ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ በአፍንጫው ይፈስለታል። ለመዥገር የሚቀባ፣ ጎመን ላይ የሚረጭም አለ። የልጅ ራስ ቅማል ሲያፈራ በዚሁ ውኃ የሚያጥብም አይጠፋም። ይህን ያወረሱን ወላጆቻችን ሞኞች አልነበሩም፤ መድኃኒት በሌለበት ጊዜ ባገኙት ተጠቀሙ።

ታዲያ አልቅቱን የሚገድለው ምንድነው? ኒኮቲን የሚባለው መርዝ ነው። ቅጠሉ ሲዘፈዘፍ መርዙ ወደ ውኃው ይወጣል። ውኃው ሻይ ይመስላል። በሃይላንድ ላስቲክ ተሞልቶ ከጠላው አጠገብ ቢቀመጥ፣ የጠማው ሕፃን በምን ይለየዋል? ሳይጠጡትም በቆዳ ይገባል፤ የቆሰለ ራስ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ያስመልሳል፣ ያልባል፣ ራስ ያዞራል፣ ሲበዛም ያንቀጠቅጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል።

«ተፈጥሮ ነው'ኮ፣ ኬሚካል አይደለም» የሚሉ አሉ። በአሜሪካ ይኸው ኒኮቲን የመርዝ ምልክት ተለጥፎበት ለተባይ መግደያ ለብዙ ዘመን ሲሸጥ ቆይቶ፣ የመጨረሻው ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2014 አብቅቷል። በፋብሪካ የተለካው እንዲህ ከተፈራ፣ እኛ በእፍኝ የምንለካው እንዴት አይፈራ? ቲማቲምና ቃሪያ የምትተክሉም ልብ በሉ፤ በደረቅ ቅጠል ውስጥ የሚቆይ የትምባሆ በሽታ በዚህ ውኃ ወደ ተክላችሁ ሊተላለፍ ይችላል።

አሁን ደግሞ ሌላ መጥቷል። በውጭ አገር ቅጠሉን በግሊሰሪን ዘፍዝፈው፣ አጥልለው፣ ለኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ ማጣፈጫ የሚያደርጉ አሉ። ወጣቶቻችን ይህን በስልክ ማየታቸው አይቀርም። ቅጠሉም ያው፣ መርዙም ያው ነው፤ ምን ያህል እንደወጣም በቤት ውስጥ መለካት አይቻልም። በዚያ ላይ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ከልክሏል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም ትምባሆ አይሸጥም።

«ለከብት ሐኪም የምንከፍለው ከየት ይምጣ?» የሚል ነዋሪ እውነት አለው። እኛም ችግሩን እናውቀዋለን። ነገር ግን አልቅት የሚመጣው ከረግረግና ከኩሬ ነው፤ ከብቱን በገንዳ ንጹሕ ውኃ ማጠጣት መድኃኒቱን ከመፈለግ ያድናል። የልጅ ቅማል በወንፊት ማበጠሪያና በትዕግሥት ይለቀማል፤ ልብሱና አንሶላው በሙቅ ውኃ ይታጠባል። ስለዚህ የትምባሆ ውኃ በሰው ገላ ላይ ፈጽሞ አይፍሰስ እንላለን። ለከብት የግድ ነው የሚል ካለ በደጅ ያዘጋጅ፣ ለዚያ ብቻ በተለየ ጣሳ ይሁን፣ እጁን በላስቲክ ይሸፍን፣ የተረፈውን ከውኃ መቅጃ ርቆ ይቅበር፤ አያሳድረው።

ልጅ ጠጥቶት ከተገኘ በግድ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ዕቃውን ይዛችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ይህን ለማያነቡ ጎረቤቶቻችሁ እንድታነቡላቸው በአክብሮት እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ