ልጅዎ በኮምፒዩተሩ ፊት ምን ይሠራል?

ወጣት ልጅዎ ሌሊቱን ሙሉ በኮምፒዩተር ላይ አቀርቅሮ ሲያመሽ ምን ይሰማዎታል? ብዙ እናቶች «ይኸ ልጅ ጊዜውን በከንቱ ጨረሰው» ብለው ይቆጣሉ። ሌሎች ደግሞ ነገሩ የማይገባቸው ስለሚመስላቸው ዝም ማለትን ይመርጣሉ። ይሁን እንጂ ቁጣውም ሆነ ዝምታው «ምን እየሠራህ ነው?» ብሎ የመጠየቅን ያህል አይጠቅምም። ኮምፒዩተር መጫወቻም መሥሪያም ሊሆን ስለሚችል፣ ልዩነቱን የሚያውቅ የጠየቀ ብቻ ነው።

ለዛሬው ጽሑፋችን በምሳሌነት የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ የተወለደውን ማት ሙለንዌግን ነው። ይህ ወጣት በተማሪነቱ ሳክስፎን ይጫወት የነበረ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያጠና የነበረውም የፖለቲካ ሳይንስን እንጂ የኮምፒዩተርን ትምህርት አልነበረም። የድረ ገጽን ሥራ የለመደው በትርፍ ጊዜው እየሞከረና እያበላሸ፣ መልሶም እየጠገነ ነው።

የሥራው መነሻ ፍጹም አዲስ ነገር መፍጠር አልነበረም። ጽሑፎቹንና ፎቶግራፎቹን ለማውጣት ይጠቀምበት የነበረው ፕሮግራም የሌላ ሰው ሥራ ነበር። የፕሮግራሙ ባለቤት ሥራውን ባቆመ ጊዜ፣ ሙለንዌግ በእንግሊዝ አገር ከሚኖረው ከማይክ ሊትል ጋር በመተባበር ያንኑ አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ዎርድፕረስ በሚል ስም አወጣው። ያን ጊዜ ዕድሜው 19 ዓመት ነበር። ፕሮግራሙ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው የተፈቀደ በመሆኑ በፍጥነት ተስፋፋ። ዛሬ በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከመቶ 40 በላይ የሚሆኑት የሚሠሩት በዚሁ ፕሮግራም ነው።

«በነጻ ከሰጠው ታዲያ እንጀራው ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሙለንዌግ እ.ኤ.አ. በ2004 ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ሲኔት በተባለ ድርጅት ተቀጥሮ ወደ ሳንፍራንሲስኮ ሄደ። ይህ ወላጅን የሚያስጨንቅ ነገር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው፣ ትምህርቱን ያቋረጠው የሠራው ነገር በብዙ ሰዎች እጅ ከገባና ደመወዝ ያለው ሥራ ካገኘ በኋላ መሆኑ ነው። በምኞት ብቻ ተነሥቶ አልወጣም።

በ2005 ደግሞ ከቅጥር ሥራው ወጥቶ ኦቶማቲክ የተባለውን የራሱን ድርጅት አቋቋመ። በዚሁ ዓመት ካወጣቸው ሥራዎች አንዱ አኪስሜት ይባላል። በዚያን ጊዜ ድረ ገጾች ባልተፈለጉ ማስታወቂያዎችና አሳፋሪ መልእክቶች ይጥለቀለቁ ነበር። ሙለንዌግ እናቱ የራሳቸውን ጽሑፍ በድረ ገጽ ሲያወጡ ከዚህ እንዲጠበቁ በማሰብ ይህን የማጣሪያ ፕሮግራም ሠራ። ግለሰቦች በነጻ ሲገለገሉበት፣ የንግድ ድርጅቶች ግን ይከፍሉበታል። እንግዲህ ለእናት ችግር የታሰበው መፍትሔ ለድርጅቱ የገቢ ምንጭ ሆነ ማለት ነው።

ሌላው የሚያስመሰግነው ነገር ትዕግሥቱ ነው። ገና ወጣት ስለነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የሥራ አስኪያጅነቱን ቦታ ልምድ ላለው ለቶኒ ሽናይደር ሰጠ። እርሱ ራሱ ቦታውን የተረከበው በ2014 ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? በአገራችንም መንገዱ እየተከፈተ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ አነስተኛ ነጋዴ ገንዘብ በስልክ መቀበል ችሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮምፒዩተር ፕሮግራም አሠራር በነጻ ለማስተማር የታቀደ መርሐ ግብር ተጀምሯል። ስለዚህ ልጅዎ «ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ የራሴን ሥራ እጀምራለሁ» ቢልዎ ከመሳቅዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁት። የሠራኸው ለማን ይጠቅማል? እስካሁን ማን ተጠቀመበት? የሚከፍልህስ ማን ነው? ለመጀመሪያው ብቻ መልስ ካለው ገና ተማሪ ነውና ትምህርቱን አያቋርጥ። ለሁለተኛው መልስ ካገኘ፣ ለጎረቤት ልብስ ሰፊ ወይም ለሰፈሩ ዳቦ ቤት ሠርቶ ያሳይ። ሦስቱንም ከመለሰ ግን ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ግብር አብረውት ቢመክሩ ይገባል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስብዎ። በብዙ ቤት ወንዱ ልጅ ኮምፒዩተሩ ፊት ሲቀመጥ እኅቱ ወጥ ቤት ናት። ዕቃ ማጠቡና ሽንኩርት መክተፉ ለሁለቱም በተራ ቢከፋፈል፣ እርሷም በቀን አንድ ሰዓት ቢተርፋት፣ የእናትን ችግር ከማንም በላይ የምታውቀው እርሷ ናትና ምን ልትሠራ እንደምትችል ማን ያውቃል? ያን አንድ ሰዓት የሚሰጧት እርስዎ ነዎት።