የልጆች ጥርስ ሥሩ ሳይፈጸም ሲጐዳ

በኦሪት ዘፀአት በ21ኛው ምዕራፍ፥ የአገልጋዩን ጥርስ የሰበረ ጌታ ስለዚያች ጥርስ ፋንታ አገልጋዩን ነጻ እንዲያወጣ ታዟል። ከዚህም የምንረዳው አንዲት ጥርስ በሕግ ፊት ከአንድ ሰው ነጻነት ጋራ የተመዘነች መሆኗን ነው። በችሎት ጸሐፊነት የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፥ በጠብ ጥርሱ የወለቀበት ሰው ቢከስ ነገሩ ይመረመራል፤ ምስክር ይሰማል፤ ካሣም ይቈረጣል። ልጅ በጨዋታ ላይ ጥርሱን ቢመታ ግን ከሳሽም ተከሳሽም የለም፤ ስለዚህ ጥርሱን የሚመረምርለት ሰው አይገኝም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ከሳሽ ስለሌለው ጥርስ ነው።

በላስታ አገር፥ ይልቁንም በላሊበላ፥ ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታችን ልደት ከቅዱስ ላሊበላ ልደት ጋራ በአንድነት ይከበራል። በዚያም ሰሞን ጐልማሶችና ልጆች ቆልማማ በትር ይዘው በሜዳ ላይ ገና ይጫወታሉ። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ ስለማይለይ፥ በትር ያረፈበት ሰው ቂም አይዝም። ልማዱ መልካም ነው፤ የሰውን ልብ ያቀራርባል። ነገር ግን በትሩ በ8 ዓመት ልጅ የፊት ጥርስ ላይ ባረፈ ጊዜ፥ ይቅር መባባሉ ጥርሱን አያድነውም።

የእኅቴ ልጅ እንደዚሁ ሆኖ ተመታ። የላይኛው የፊት ጥርሱ ጫፉ ተሰበረ፤ ጥቂት ደማ፤ በማግሥቱ ግን ልጁ እንደ ወትሮው ዳቦውን ይበላ ጀመር። እናቱ ወደ ሐኪም እንውሰደው ባለች ጊዜ፥ «የልጅ ጥርስ አይደለም ወይ? ሌላ ይበቅልለታል፤ ባይሆን ከፋሲካ በኋላ እናያለን» ብዬ የከለከልኋት እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሟ ነኝና ቃሌን አከበረች። ይህን የምጽፈውም ስሕተቴን ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው።

ስሕተቴ ሁለት ነበረ። የመጀመሪያው፥ ቋሚውን ጥርስ ከወተት ጥርስ መቍጠሬ ነው። የወተት ጥርስ በ6 ዓመት ገደማ መውለቅ ይጀምራል፤ ልጁም የወለቀውን ወደ ቤት ጣራ ወርውሮ አዲስ ጥርስ ይለምናል። በስፍራው የሚበቅለው ግን ቋሚ ነው። የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ከ7 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ይወጣሉ፤ ከእነርሱም በኋላ የሚተካ የለም። እንዲሁም በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች በስተኋላ የሚወጣው መንጋጋ፥ ምንም ሳይወልቅ ስለሚበቅል፥ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፤ እርሱም ቋሚ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት፥ የታየው ጥርስ ሁሉ የተፈጸመ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። ጠራቢዎቹ ከአለቱ ራስ ጀምረው አስቀድመው ጣራውን ከነመስቀሉ፥ ቀጥለው ግድግዳውን፥ በመጨረሻም መሠረቱን እያወጡ ወደ 12 ሜትር ያህል ወረዱ። ጥርስም እንዲሁ በቅድሚያ የሚታየው ራሱ ተሠርቶ በኋላ ሥሩ ይረዝማል። ከድድ ወጥቶ ከታየ በኋላ እንኳ ሥሩ እስኪፈጸም 3 ዓመት ያህል ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሥሩ ግድግዳ ስስ፥ ጫፉም እንደ መለከት አፍ ክፍት ነው። የዚህ ሥራ ጠራቢ በጥርሱ ውስጥ ያለው ሕያው ሥጋ ነው፤ በልማድ ነርቭ የምንለው እርሱ ነው። ይህ ሥጋ በምት ወይም በጥርስ መበስበስ ቢሞት፥ ሠራተኛው የሞተበት ሕንጻ እንደ ሆነ ሥሩ በዚያው ይቆማል። ግድግዳውም ስስ እንደ ሆነ ስለሚቀር ጥቂት ምት ይሰብረዋል።

በእኅቴ ልጅ የሆነው ይኸው ነው። ከፋሲካ በኋላ ጥርሱ ጠቈረ፤ ከበላዩም በድዱ ላይ መግል የምታወጣ ትንሽ ብጉንጅ ታየች። ልጁ ሕመም ስላልተሰማው እኛ የዳነ መስሎን ነበር፤ ለካ ሕመሙን የሚሰማው ነርቭ ሞቶ ኖሯል። በመጀመሪያ የታየበት ስፍራ «ይነቀል» ከማለት በቀር ሌላ ምክር አልተገኘም። እኔም ይነቀል አልሁ። በዚያን ቀን ግን እኅቴ ቃሌን እንቢ ብላ ልጇን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ሄደች፤ መልካምም አደረገች።

አሁን ወደ ሕክምናው እንመለስ። ምት ካገኘው በኋላ ነርቩ በሕይወት ካለ፥ ሐኪሙ የተገለጠውን ሥጋ በመድኃኒት ሸፍኖ ሥሩ ሥራውን እንዲፈጽም ይተወዋል፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም የመሄድ ጥቅሙ ይህ ነው። ነርቩ ከሞተ ግን ችግሩ ይበዛል። የአዋቂ ሰው ጥርስ ሥሩ ተጠርጎ ይደፈናል፤ የልጅ ጥርስ ግን ጫፉ ክፍት ስለ ሆነ የሚደፈንበት ነገር መቆሚያ የለውም። ስለዚህ ሐኪሞች ከኖራ ዘር የሆነውን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በሥሩ ውስጥ እየለዋወጡ ለብዙ ወራት በማኖር ጫፉ ጠንካራ ክዳን እንዲያበጅ ያደርጉ ነበር። ይህ ኖራ ግን ብዙ ጊዜ ሲቈይ የሥሩን ግድግዳ የሚያደክም ሆኖ ተገኘ። ከ1990ዎቹ (በአውሮጳ አቆጣጠር) ወዲህ ደግሞ ኤም ቲ ኤ የተባለ፥ ከሲሚንቶ ዘር የሆነ መድኃኒት ተገኝቶ ጫፉን በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ መድፈን ተቻለ። ይህም በር ይዘጋል እንጂ ግድግዳ አያወፍርም።

ሦስተኛው መንገድ ከዚህ ይለያል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ኒጎርድ ኦስትቢ የተባለው የኖርዌይ ሊቅ የረጋ ደም በጥርስ ሥር ውስጥ ምን እንደሚሠራ መርምሮ ጽፎ ነበር። በ2001 ኢዋያ የተባለው ጃፓናዊ ከባልደረቦቹ ጋራ፥ በ2004 ደግሞ ባንክስና ትሮፕ፥ ነርቩ የሞተ የልጅ ጥርስ ሥሩ እንደ ገና ሲያድግ ማየታቸውን ገለጡ። ሥራው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ስሱን ግድግዳ ሳይፍቅ የሥሩን ውስጥ ከበረኪና ዘር በሆነ ቀጭን ውሃ ያጥባል፤ ተሐዋስያንን የሚገድል መድኃኒት አኑሮም ከ1 እስከ 4 ሳምንት ይዘጋዋል። ሕመሙና መግሉ ከጠፋ ልጁ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ከሥሩ ጫፍ ጥቂት አልፎ በመንካት ሆን ብሎ ያደማዋል፤ ስለዚህም የሚያደነዝዘው መድኃኒት ደምን የሚያግድ ቅመም የሌለበት ይሆናል። ከጫፉ ዙሪያ ያሉት ገና ሥራቸው ያልተለየ ሕዋሳት ከደሙ ጋራ ይገባሉ፤ ደሙም ሲረጋ ለእነርሱ ማደሪያ ይሆናል። ከበላዩ በኤም ቲ ኤ ወይም ይህን በመሰለ መድኃኒት ተሸፍኖ ይደፈናል። እኅቴ ደሙን ባየች ጊዜ ደንግጣ እንደ ነበረ ነግራኛለች፤ ይህን ቀድሞ የሚያውቅ ወላጅ ግን አይደነግጥም።

ይሁን እንጂ እውነቱን መሸሸግ አይገባም። በሥሩ ውስጥ የሚበቅለው አዲስ ነገር እንደ ፊተኛው ነርቭ ሳይሆን፥ ይበልጡን አጥንትንና የሥርን ልባስ የሚመስል ነው። ቍስሉ በአብዛኛው ይድናል፤ የሥሩ መርዘምና መወፈር ግን ከልጅ ወደ ልጅ ይለያያል። አንዳንዱም መድኃኒት፥ ይልቁንም ሚኖሳይክሊን፥ ጥርሱን ያጠቍራል። ስለዚህ ልጁ ለዓመታት በራጅ መታየት ያስፈልገዋል። የእኅቴም ልጅ ከዓመት በኋላ በራጅ ሲታይ፥ የተበላው አጥንት ተመልሷል፤ ግድግዳውም ጥቂት ወፍሯል፤ ጫፉ ግን ገና አልተዘጋም።

ከላሊበላ በጋሸናና በወልድያ በኩል ደሴ ለመድረስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የወለቀ ጥርስ ግን ደርቆ አንድ ሰዓት ካለፈ የመዳን ተስፋው እጅግ ያንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐኪም በቤት ያለው ወላጅ ነውና የሚከተለውን ልብ ያድርግ።

ቋሚው ጥርስ ከነሥሩ ቢወልቅ፥ ራሱን እንጂ ሥሩን አይንኩ። ቢቈሽሽ በወተት ለቅለቅ አድርገው ወዲያው በስፍራው ይመልሱት፤ ልጁም ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ይሂድ። ሥሩ ያልተፈጸመ ጥርስ ፈጥኖ ከተመለሰ የደም ሥሩ በራሱ ሊቀጥል ይችላል፤ የጫፉ ክፍትነት በዚህ ጊዜ ይጠቅማል። መመለስ ባይቻል ጥርሱን በቀዝቃዛ ወተት፥ ወተት ቢታጣም በልጁ ምራቅ ውስጥ ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ። በጨርቅ ጠቅልሎ ማድረቅም፥ በውሃ ውስጥ ማኖርም አይገባም። ጾም ነው ብሎ ወተት ለመንካት የሚያመነታ ቢኖር፥ ጥርሱ ይነከርበታል እንጂ ማንም አይጠጣውም። የወለቀው የወተት ጥርስ ከሆነ ግን ከበታቹ ያለውን ቋሚ ጥርስ እንዳይጐዳ ወደ ስፍራው አይመለስም። ጥርሱ ተሰብሮ እንደ ሆነ ስባሪውን ይፈልጉ፤ ሐኪሙ ሊያጣብቀው ይችላልና። የተመታው ጥርስ ባያምም፥ ቀለሙንና ድዱን በየጊዜው ይመልከቱ። «ይነቀል» የሚል ምክር ቢመጣም፥ ሥሩ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም ብለው ይጠይቁ፤ ራጅም ይታይ።

ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ነገሩ ይመረመር ዘንድ የሕግ ሥርዓት ነው። ለልጃችን ጥርስም ከዚህ ያነሰ አንፍረድ። የሚመጣው የገና ጨዋታ ለልጆቻችሁ የደስታ ይሁን፤ ምት ቢደርስ ግን እንደ እኔ ፋሲካን አትጠብቁ።