እንጀራ እናት ፊልም ላይ

ሰሞኑን ጉርድ ሾላ፣ ከባቡር ጣቢያው አለፍ ብላ ካለች ካፌ ከአንድ ወዳጄ ጋር ተቀምጠናል። የፊልም ድርሰት ጽፎ «አንብቢና የማይረባውን ንገሪኝ» ብሎኝ ነው። ጀግናው የድሃ ልጅ፣ መካሪው የሰፈር ሽማግሌ፣ ክፉዋ ደግሞ... እንጀራ እናት!

«አርኪታይፕ ይባላል!» አለኝ ኮራ ብሎ። በየአገሩ ተረት ተደጋግመው የሚመጡ የሰው ዓይነቶች ማለት ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሐኪም ካርል ዩንግ ብዙ ጽፎበታል። አሜሪካዊው ጆሴፍ ካምቤል በፈረንጆቹ 1949 የጀግናን ጉዞ ከየተረቱ ለቅሞ ቀመር አወጣለት። ክሪስቶፈር ቮግለር ደግሞ በ1992 ለፊልም ጸሐፊዎች አቀለለው። ለነገሩ እኛስ መች አነስን? ብልጧ ጦጣ፣ ሞኙ ጅብ፣ ክፉዋ እንጀራ እናት... ያደግንበት አይደል?

ችግሩ፣ የልጁን እንጀራ እናት አውቃቸዋለሁ። ድርሰቱ ላይ ያለችው ሴት አነጋገሯም ነጠላ አጣፏም የእሳቸው ነው። ሰፈሩ ባንድ አፍታ ይለያቸዋል።

«አባትህ ከሞቱ በኋላ ማን አስተማረህ?»

«እሷ።»

«በምን ገንዘብ?»

«እንጀራ እየሸጠች።»

«ታዲያ ያ የቱ ገጽ ላይ ነው?»

ዝም። ማኪያቶውን ያማስላል፣ ስኳር እንኳ አልጨመረበትም። ቆይቶ «ቀበቶም ታነሳ ነበር እኮ» አለኝ። አምነዋለሁ። እሱንም ይጻፈው!

ቮግለር ራሱ እኮ እነዚህን ዓይነቶች በጭምብል ነው የሚመስላቸው። አንዱ ሰው እዚህ መካሪ፣ እዚያ ጠላት ሊሆን ይችላል። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) ያያችሁ ከበበን አስታውሱት። ለመንደሩ እብድ ነው፤ እውነቱን የሚናገረው ግን እሱ፣ ባለርስቱን የሚገድለውም እሱ። «ጤዛ» (2008) ላይ ደግሞ አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ ይመለሳል። በቀመሩ ከሄድን ጀግና ለወገኑ መድኃኒት ይዞ ነው የሚመጣው። እሱ ግን አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተምታቶበት ነው መንደሩ የገባው። ፊልሙ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። እንደኔ እንደኔ ኃይሌ ቀመሩን አያጣውም፤ አልታዘዝ ብሎት እንጂ።

ስለዚህ አልኩት፣ ጭምብሉን አድርግላት፤ ግን አንድ ቦታ ላይ አውልቅላት። ሌሊት ምጣድ ስታሰማ አሳየን። ቀበቶዋም ያኔ ነው ይበልጥ የሚያመን። ነጠላዋንና አነጋገሯን ደግሞ ቀይርና የሰፈር መጠቋቆሚያ አታድርጋት።

«ፊልሙ ሲያልቅ ላሳያት?»

«ካሜራ ሳትከራይ አስነብባት እንጂ!»

«ማንበብ አትችልም እኮ።»

«ታዲያ አንብብላት!»

ሒሳቡን ከፈለ፣ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። እስካሁን አልደወለልኝም።