ሥራው ለሞተበት ወንድምህ ማን ደረሰ?

ወገኔ፣ ጎንደር ላይ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይደርሳል፣ ጎረቤት አብሮ ያመሻል። ሥራው ለሞተበት ግን ማን ደረሰ?

በ2012 ኮሮና፣ በ2013 ጦርነት፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የክልሉ ግጭት። ፋሲል ግንብን የሚያስጎበኘው፣ ደባርቅ ላይ በቅሎ የሚያከራየው፣ ሰሜን ተራሮች ላይ እንግዳ የሚያጅበው ሰው እንጀራው የቆመው ሰንፎ አይደለም። እንግዳው ስለቀረ ነው!

ጠዋት እንደ ሥራ ሰው ለብሶ ይወጣል፤ ፒያሳን ሲዞር ይውላል፤ ማታ አረቄ ቀምሶ ይገባል። ለሚስቱ ትንፍሽ አይልም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ነዋ ያደገው! (ይቺ አባባል ስንቱን በላች።)

አንተ ራስህ ከሆንክ ስማኝ፦ እንቅልፍ እምቢ ብሎህ፣ ምግብ አስጠልቶህ ሳምንታት ካለፉ ሕመም ሊሆን ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፣ ሂድ። ጠበሉንም አትተው፣ አብሮ ይሄዳል። መኖር ካስጠላህ ደግሞ ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ተናገር፤ ብቻህን አትደር።

ጓደኛው ከሆንክ፣ ስልክ ካላነሳ ቤቱ ድረስ ሂድ። «አይዞህ፣ ያልፋል» ብለህ አትሩጥ፤ ቁጭ በል። የዕድር መዋጮ ከቀረበትም በሰው ፊት አትጠይቀው፤ ከቻልክ ዝም ብለህ ክፈልለት።