ባሩዱ የተቀነሰ ጥይትና የሕግ ሚዛን

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው በገዛ ጓዳው ተቀምጦ ጥይት መሥራት ይችላል። ለራሱ መጠቀሚያ እስከሆነ ድረስ የፌዴራሉ መንግሥት ፈቃድ አምጣ አይለውም፤ ፈቃድ የሚጠየቀው ለሽያጭ የሚያመርት ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ለቅሞ ያጸዳል፣ በእጅ መጫኛ ቅርጹን ይመልሳል፣ አዲስ አቀጣጣይ ይሰካበታል፣ ባሩዱን በትንሽ ሚዛን ለክቶ ይጨምራል፣ በመጨረሻም እርሳሱን አፉ ላይ ይገጥማል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የዛሬው ጽሑፌ የሚመለከተው ሚዛኑን ነው። ምክንያቱም አንዳንዱ ሰው ባሩዱን ሆን ብሎ ይቀንሳል።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያና በአጎራባቹ በሜሪላንድ እስከ እኩለ ሌሊት ሱቅ ከፍተው የሚያመሹ፣ ነዳጅ ማደያ የሚጠብቁ፣ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 በዋሽንግተን ዲሲ ጉዳይ በቤት ውስጥ፣ በ2022 ደግሞ በኒውዮርክ ጉዳይ ከቤት ውጭ ሽጉጥ ይዞ ራስን የመከላከልን መብት ካጸና ወዲህ፣ ቡና በተጠጣበት ሁሉ የሽጉጥ ወሬ አይጠፋም። ከእነዚህ ጨዋታዎች በአንዱ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጄ እንዲህ አለኝ፦ «ዶክተር፣ እኔ የሰው ነፍስ እጄ ላይ እንዲወድቅ አልፈልግም። ባሩዱን ቀነስ አድርጌ ብጭነው ሌባውን ይመልሰዋል እንጂ አይገድለውም።»

ይህ የክፉ ሰው ንግግር አይደለም። እንዲያውም ከፉከራው ሁሉ የተሻለ ነው። ነገር ግን በሁለት በኩል፣ በተፈጥሮ ሕግም በሰው ሕግም፣ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከተፈጥሮው ልጀምር። ባሩዱ ያነሰ ጥይት «የማይገድል» ጥይት አይሆንም፤ መቼ እንደሚገድልና መቼ እንደማይገድል የማይታወቅ ጥይት ይሆናል እንጂ። ቀርፋፋ እርሳስም የደም ሥር ይበጥሳል። በሌላ በኩል፣ ራሱ የሚያቀባብል ሽጉጥ የሚሠራው ከተኩሱ በሚያገኘው ግፊት ስለሆነ፣ ግፊቱ ሲያንስ ቀለሁን ሳይተፋ መሐል ላይ ይነክሳል። ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንዲከፈት ተብሎ ጫፉ የተቦረቦረው እርሳስም ፍጥነት ካላገኘ ሳይከፈት ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ግን እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ሲቀርና ደንጋጣው ሰው ምላጩን ሁለተኛ ጊዜ ሲስብ ነው፤ ያን ጊዜ የሚፈነዳው በራሱ እጅ ላይ ነው።

«ታዲያ የአሜሪካ ፖሊስ ራሱ ቀንሶ የለም?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ቀንሷል፤ ታሪኩም ሊነገር የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1986 በማያሚ ከተማ የኤፍ.ቢ.አይ. መርማሪዎች ከሁለት የባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኩሰው ሁለት መርማሪዎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱን ገና በመጀመሪያው ላይ የመታው 9 ሚሊሜትር እርሳስ ልቡ ጋ ሳይደርስ በመቆሙ ሰውየው መተኮሱን ቀጥሎ ነበር። ከዚህ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ኃይለኛውን ባለ 10 ሚሊሜትር ጥይት መረጠ። በሰከንድ ከ360 ሜትር በላይ የሚወረወረው ይህ ጥይት ግን ለብዙዎቹ መርማሪዎች እጅ የሚመታ ሆነ፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ወደ 300 ሜትር ገደማ እንዲወርድ ተደረገ። ፋብሪካዎቹም ለዚህ ያህል ባሩድ ረጅሙ ቀለህ ለምን ያስፈልጋል ብለው አሳጠሩትና እ.ኤ.አ. በ1990 .40 የሚባለው ጥይት ተወለደ። መሥሪያ ቤቱ በ2010ዎቹ አጋማሽ ተመልሶ ወደ 9 ሚሊሜትር ገባ።

አንባቢ ልብ ይበል! እዚህ ላይ ፍጥነቱ የተቀነሰው ለተኳሹ እጅ ተብሎ ነው፤ ለተተኳሹ በማዘን አይደለም። የተቀነሰውም በቤተ ሙከራ፣ በፋብሪካ፣ እያንዳንዱ ምርት እየተመዘገበ ነው። እጃቸው ለደከመ አረጋውያንና ምቱን ለማይችሉ ሰዎች ፋብሪካዎች ዛሬም ለስላሳ ጥይት ይሸጣሉ። የወዳጄ ችግር የእጅ መመታት ቢሆን ኖሮ መልሱ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነበር። የእሱ ጥያቄ ግን የሕሊና ነው።

ወደ ሰው ሕግ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የአሜሪካ የሕግ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣው ሞዴል የወንጀል ሕግ ሆን ብሎ ወደ ሰው አቅጣጫ መተኮስን በራሱ እንደ ገዳይ ኃይል ይቆጥረዋል። ባሩዱ ስንት ነበር ብሎ አይጠይቅም። እንግዲህ «ለማቁሰል ብቻ ነው የተኮስኩት» የሚል ሰው ራሱን ነፃ አላወጣም፤ እንዲያውም ለዓቃቤ ሕጉ በር ከፍቶለታል። ለማቁሰል ጊዜና ምርጫ ከነበረህ፣ አደጋው መቼ ለሕይወትህ የሚያሰጋ ሆነ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚችል ጠበቃ ጥቂት ነው።

ሌላም አለ፤ ማስረጃ። እ.ኤ.አ. በ1989 በኒው ጀርሲ አንዲት ሴት በቤቷ በሽጉጥ ተመታ ሞተች። ጉዳዩ የመከላከል አልነበረም፤ ባልየው ራሷን ነው ያጠፋችው ይላል። ሽጉጡ ውስጥ የነበረው እሱ በቤቱ የጫነው ባሩዱ ያነሰ ጥይት እንደሆነም ይናገራል። በተመታ ሰው ላይ የሚገኘው የባሩድ ቅሪት የተተኮሰበትን ርቀት ለመገመት ያገለግላልና፣ ቅሪቱ እንደ ጥይቱ ስለሚለያይ ነገሩ ወሳኝ ነበር። ምርመራው የተካሄደው ግን በፋብሪካ ጥይት ነው። የራሱ መዝገብስ? ተከሳሹ ራሱ የሠራውንና ራሱ የጻፈውን ፍርድ ቤት እንደ ገለልተኛ ማስረጃ ሊያየው አልቻለም። ጉዳዩ ከአንድ ጊዜ በላይ ችሎት ቀርቦ በመጨረሻ በግድየለሽነት ሰው በመግደል ተፈረደበት። ጥፋተኛ ነበር አልነበረም ለማለት እዚህ አልተቀመጥኩም። እኔን የሚያሳስበኝ የፋብሪካ ጥይት ቢሆን ኖሮ ሦስተኛ ወገን ሊያረጋግጠው ይችል የነበረው ነገር የእሱ ቃል ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው።

የእኛም ሕግ ቢሆን ከዚህ አይርቅም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚፈቅደው ጥቃቱ በእርግጥ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና መከላከሉ ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈውን ሰው ቅጣት ያቀልለታል፤ በድንጋጤና በፍርሃት ያለፈ ከሆነ እስከ ጭራሹ ሊምረውም ይችላል። ይህ አንቀጽ ለሰው ልጅ ደካማነት ያለውን ግንዛቤ ሁልጊዜ አደንቃለሁ። ሆኖም ተመጣጣኝነት የሚመዘነው በዚያች ቅጽበት በሆነው ነገር ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጓዳ ሚዛን ላይ አይደለም። (ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር በገበያ መገበያያ የነበረበትን ዘመን ያለፈ ሕዝብ ስለ ፍሬዋ ዋጋ የሚነገረው አያስፈልገውም፤ ስለ ሕጉ ግን ያስፈልገዋል።)

የፖለቲካው ጥያቄም እዚህ ጋ ይነሳል። የዜጋው ሕሊና ከሕጉ የቀደመ ሲመስለው፣ የራሱን ሕግ በግል መሥራት ይጀምራል፤ ይህኛው በግራም፣ ያኛው በሌላ መንገድ። ግን ሕግ የሚጠቅመው ሌላው ሰው ሊያየውና ሊመረምረው ሲችል ነው። መግደል የማይፈልግ ሰው የሚያመነታው ቃታ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው፤ በጠንካራ መዝጊያ፣ በመብራት፣ በካዝናው ውስጥ ትንሽ ገንዘብ በመተው፣ የጠየቀውን ሰጥቶ በመሸኘት። ሽጉጥ ከተመዘዘ በኋላ ለርኅራኄ የቀረው ቦታ ጠባብ ነው።

ወዳጄ የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ሱቁ ያለው ቨርጂኒያ ነው። በቨርጂኒያ ጠቡን ያልጀመረ ሰው የማፈግፈግ ግዴታ የለበትም፤ በሜሪላንድ ግን ከቤቱ ውጭ ከሆነና በሰላም ማፈግፈግ ከቻለ፣ ማፈግፈግ አለበት። የፖቶማክን ድልድይ በቀን ሁለት ጊዜ ይሻገራል። ስለ ባሩዱ ሚዛን ብዙ ጠይቆኛል፤ ስለዚህ ልዩነት ግን እኔ እስካነሳሁበት ድረስ አልጠየቀኝም ነበር።