«ምን ትጠቅማለች?» ለሚሉ

ስለ ፍጥረት ጥበቃ በተነገረ ቁጥር «የሰው መከራ ሳያልቅ ስለ እንቁራሪት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ድምፅ ከመካከላችን ይሰማል። ተናጋሪዎቹ ክፉዎች አይደሉም፤ አባባሉ ግን ስሑት ነው።

በስሪላንካ፣ በየአሠሪው ቤት ከብዙዎቻችሁ ጋር በሚደክሙት እኅቶች አገር፣ በደን ቁጥቋጦ ላይ የሚኖሩ የእንቁራሪት ዝርያዎች አሉ። እንደ ሌሎቹ በኩሬ አያድጉም፤ በእርጥብ አፈር ወይም በቅጠል ላይ ከተጣለው እንቁላል ትንሽ እንቁራሪት ሆነው በቀጥታ ይፈለፈላሉ። የደኑ ጥላ ሲገፈፍ እንቁላሉ ይደርቃል። ከእነዚህ አንዷ፣ ከዋክብት በሚመስሉ ነጠብጣቦቿ የምትታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1853 በሊቃውንት ተመዘገበች፤ ከዚያም ለዘለዓለም የጠፋች መሰለች። በስሪ ፓዳ ተራራ ደን እንደገና የታየችው በ2009 ነው፤ ከ156 ዓመት በኋላ! ዛሬም ከመጥፋት አፋፍ ላይ ናት። ከዐሥር የሚበልጡ ዘመዶቿ ግን ጠፍተዋል።

ደኑን ማን በላው? በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ተራራውን ለቡና አስመነጠሩት። (የእኛው ቡና፣ በጫካ ጥላ ሥር የበቀለው!) ከ1869 ጀምሮ የቅጠል ዝገት ቡናውን ሲፈጀው በሻይ ተተካ። ጉልበቱ የማን ነበር? ከደቡብ ሕንድ የመጡ ታሚሎች፣ እንደ እናንተ እንጀራ ፍለጋ ከአገራቸው የወጡ ስደተኞች። በ1948 የወጣው የዜግነት ሕግ ብዙዎቹን አገር አልባ አደረጋቸው። እንግዲህ «ሰው ወይስ እንቁራሪት?» የሚለን ይንገረን፤ ደኑን ያስጨፈጨፈውና ሠራተኛውን የጣለው መዝገብ አንድ አልነበረምን? በዚያ መዝገብ ዛፍም ሰውም የሚጻፈው በሚያስገኘው ትርፍ ልክ ነው።

«ምን ትጠቅማለች?» የሚለውን ጥያቄ እናንተ ታውቁታላችሁ። የታመመች ሠራተኛ በአሠሪዋ ፊት ስትቆም የሚጠየቀው እርሱ ነው። እኛው አንሥተን በደካማ ፍጥረት ላይ ብንሰነዝረው ነገ በምን አፍ እንከራከራለን? እግዚአብሔር ሰውን ከመፍጠሩ በፊት ፍጥረቱን መልካም ብሎታል፤ ጥቅሙን ግን አልቆጠረም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ይህንኑ አስተማሩ። ፖለቲካ ነው የሚሉት፣ እንደሚመስለኝ፣ ያላነበቡት ናቸው።

ስሪ ፓዳን ቡዲስቶችና ሂንዱዎች፣ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖችም ይሳለሙታል። የተሳላሚው ፕላስቲክ የሚወድቀው ያቺ እንቁራሪት በቀረችበት ደን ውስጥ ነው።